ማሽኑ ያየውና ያላየው ጉበት

በ1960 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች በገፍ ያልቁ ጀመር። የሞቱት ወደ 100,000 ይጠጋሉ። የእንስሳት ሐኪሞቹ በሽታውን ስላላወቁት «ኤክስ» ብለው ጠሩት። ወፎቹ ሲከፈቱ ክፉኛ ተጎድቶ የተገኘው ጉበታቸው ነው። ምርመራው ዞሮ ዞሮ ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ አረፈ። ፋጉሎው ሻግቷል፤ ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቩስ ይባላል፤ የሚያመነጨው መርዝም ከሻጋታው ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ያኔ ነገሩ የከብትና የዶሮ መኖ ጉዳይ ነበር። ይኸው መርዝ በሰው ጂን ላይ የሚተወው ዱካ የታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ባሩክ ብሉምበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከአገር አገር እየዞረ ደም ይሰበስብ ነበር። ስለ ጉበት አልነበረም የሚያስበው። ሰዎች በአንድ በሽታ ፊት እኩል የማይወድቁት ለምን ይሆን የሚለው ጥያቄ ነበር የያዘው፤ መልሱንም በደማቸው ውስጥ ከወላጅ በሚወረስ ልዩነት ውስጥ ይፈልግ ነበር። የሰበሰበውን ሁሉ በማቀዝቀዣ አኖረ። በ1963 እሱና ሃርቪ ኦልተር ደጋግሞ ደም ከተሰጠው የሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ) ሕመምተኛ የተገኘውን ሲረም (የደም ውሃ) ከብዙ ናሙናዎች ጋር ሲያገናኙ፣ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ የተወሰደው ደም ምላሽ ሰጠ። «አውስትራሊያ አንቲጅን» አሉትና በ1965 አሳተሙት። መጀመሪያ ከደም ካንሰር ጋር ያያይዙት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው ነገሩ የጉበት ብግነት የሚያመጣ ቫይረስ፣ ዛሬ ሄፓታይተስ ቢ የምንለው፣ ውጫዊ ክፍል መሆኑ የተገለጠው። ብሉምበርግ የዘር ምልክት ሊፈልግ ወጥቶ ቫይረስ ይዞ ተመለሰ፤ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የሚይዘኝ ማቀዝቀዣው ነው። ደሙ የተቀመጠው ለምን እንደሚጠቅም ማንም ሳያውቅ ነበር። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ፣ እስከ ዘመናችን ማሽኖች ድረስ፣ የማን ደምና የማን ጉበት እንደተቀመጠ፣ ሰውየውስ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ማን እንደመዘገበ የሚናገር ነው።

በዚያው በ1963 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ጋሪ አቤሌቭ የጉበት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ውስጥ ከፅንስነት ዘመን በኋላ መጥፋት የነበረበት ፕሮቲን አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ዩሪ ታታሪኖቭ ይህንኑ በጉበት ካንሰር በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አየው። አልፋ ፌቶፕሮቲን ነው፤ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይለካል። ነገር ግን ብዙ የጉበት ካንሰር ሕሙማን ላይ ጨርሶ ከፍ አይልም፤ ካንሰር የሌለበት የተቆጣ ጉበትም ከፍ ያደርገዋል። ሐኪሙ ለብዙ አሥርት ዓመታት በእጁ የነበረው ዋናው የደም ምልክት ይህ ነበር።

ቫይረሱ ካንሰር ያመጣል ወይስ ካንሰር በያዘው ጉበት ውስጥ ተገኝቶ ነው? ጥያቄውን የቆረጠው በታይዋን የተደረገ ትዕግሥት የተሞላ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ፓልመር ቢዝሊና የታይዋን ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ አጋማሽ 22,707 ወንዶችን መዘገቡ፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ደማቸው ተወስዶ ቫይረሱ ያለባቸውና የሌለባቸው ተለዩ፤ ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሲታመምም ሲሞትም መዝገብ ይተዋል፤ ቢዝሊ እነዚህን ሰዎች የመረጠበት ብልኃት እዚህ ላይ ነው። በ1981 ውጤቱ ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። በጉበት ካንሰር ከታመሙት 41 ሰዎች መካከል 40ዎቹ አስቀድሞ ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው ነበሩ። አደጋው ቫይረሱ ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸር 223 እጥፍ ሆኖ ተሰላ። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር እምብዛም አይገኝም። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን በአገር አቀፍ ደረጃ መከተብ ጀመረች፤ በ1997 የታተመ ጥናትም በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር መቀነሱን አሳየ።

ሰው በካንሰር ሊያዝ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አንድ ነገር ነው። የተያዘው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ዕጢውን ራሱን፣ ጂኑ ድረስ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

በ1991 ኔቸር መጽሔት በአንድ ዕትም ሁለት ጽሑፎች አወጣ። አንደኛው ከያንግጼ ወንዝ አፍ አጠገብ ካለችው የቻይናዋ ቺዶንግ የመጣ ነው። በዚያን ዘመን የቺዶንግ ገበሬዎች በቆሎ ይበሉ ነበር፤ አየሩ እርጥብ ነው፤ እህሉም ይሻግት ነበር። ሁለተኛው ከደቡባዊ አፍሪካ ከመጡ ሕሙማን የተገኘ ነው። ሁለቱም የመረመሩት ፒ53 የሚባለውን ጂን ነው፤ ሥራው የሴልን መራባት መግታት፣ የተበላሸ ሴል ሲኖርም እንዲሞት ማድረግ ነው። ከቺዶንግ ከተመረመሩት 16 ዕጢዎች በ8ቱ ላይ ለውጡ በአንድ ቦታ ተገኘ፦ ኮዶን 249 በሚባለው የሦስት ፊደላት ቡድን፣ ሦስተኛው ፊደል ላይ፤ በአብዛኞቹም «ጂ» የነበረው «ቲ» ሆኗል። በደቡባዊ አፍሪካ ሕሙማን ላይም ያው ቦታ ጎልቶ ወጣ። በሌሎች ካንሰሮች ፒ53 ሲበላሽ ብልሽቱ እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው የሚገኘው። በአንድ ፊደል ላይ እንዲህ መደጋገሙ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም። «ጂ» የተባለውን ፊደል ወደ «ቲ» የሚለውጠው ደግሞ ያ የፋጉሎ መርዝ፣ አፍላቶክሲን ነው።

አፍሪካ በዚህ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ተገኝታ ነበር ማለት ነው። እንዲያውም በ2000 በጋምቢያ የተሠራው ሥራ አንድ እርምጃ ቀድሞ ሄደ። ተመራማሪዎቹ ዕጢ ሳይቆርጡ፣ በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ዲኤንኤ ብቻ ወስደው የኮዶን 249ን ለውጥ ፈለጉ። ከ53 የጉበት ካንሰር ሕሙማን በ19ኙ፣ ጉበታቸው በጠባሳ ከተሸፈነ 13 ሰዎች በ2ቱ፣ ከሁለቱም በሽታ ነፃ ከሆኑ 53 ሰዎች በ3ቱ ደም ውስጥ አገኙት። ዛሬ በደም የሚደረግ የካንሰር ምርመራ እየተባለ በብዙ ገንዘብ የሚነገርለት ሐሳብ በባንጁል አካባቢ በዚያን ጊዜ ተሞክሯል። ይህ እምብዛም ሲወሳ አልሰማሁም፤ ሊወሳ ይገባዋል።

በዚህ መሐል ላቦራቶሪው ተለውጦ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ማይክሮአሬይ በአንዲት የመስታወት ስላይድ ላይ የሺዎች ጂኖችን ሥራ በአንድ ጊዜ ይለካል። ችግሩ የሺዎች ቁጥር ትርጉሙ በዓይን አለመነበቡ ነው። በ1999 በአሜሪካ ቶድ ጎለብና ባልደረቦቹ ሁለት ዓይነት የደም ካንሰሮችን በጂን ልኬት ብቻ ኮምፒውተር እንዲለያቸው አደረጉ። መንገዱ ይህ ነው፦ ለኮምፒውተሩ መልሳቸው የታወቀ ናሙናዎች ይሰጡታል፤ ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ያኛው ሁለተኛው ይባላል። የትኞቹ ጂኖች ሁለቱን ወገኖች እንደሚለዩ እሱ ራሱ ይመዝናል። ከዚያ አይቶት የማያውቀው ናሙና ይቀርብለትና ይፈተናል። ማሽን ለርኒንግ የሚሉት ይኸው ነው፤ ከተማረባቸው ሰዎች ውጭ ሌላ እውቀት የለውም።

ይህ ዘዴ ወደ ጉበት ካንሰር የመጣው በ2003 ነው። የሻንጋይ የፉዳን ዩኒቨርሲቲ የጉበት ካንሰር ተቋም ከሠራቸው ቀዶ ሕክምናዎች ዕጢዎችን አስቀምጧል፤ በአሜሪካ ቤተዝዳ ያለው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መለኪያውንና ስሌቱን ያውቃል። ዬ ቺንግሃይ፣ ሺን ዌይ ዋንግና ባልደረቦቻቸው ጉበት ውስጥ የተሰራጩና ያልተሰራጩ ዕጢዎችን ወስደው ማሽኑን አስተማሩት። ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሕሙማን የማን ካንሰር እንደሚሰራጭ የሚጠቁሙ 153 ጂኖች ተለዩ።

ከዝርዝሩ ይበልጥ ግን አንድ ግኝት ሐኪሞችን ያስደነገጠ ይመስለኛል። ካንሰር ከትንሽ ጀምሮ እያደገ፣ እያደገም እየከፋ ሄዶ በመጨረሻ የመሰራጨት ጠባይ ያመጣል የሚል እምነት ነበር። የሻንጋይ ናሙናዎች ሌላ ተናገሩ፦ የመጀመሪያው ዕጢና ከእሱ የተሰራጨው ዕጢ የጂን መልካቸው እጅግ ተቀራራቢ ነው። የመሰራጨት ጠባዩ ገና በመጀመሪያው ዕጢ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። በዝርዝሩ አናት ላይ የወጣው ኦስቲዮፖንቲን የሚባለው ጂን ነው፤ የሚሠራውን ፕሮቲን በፀረ-አካል ሲዘጉት የካንሰር ሴሎች የመውረር ኃይላቸው ቀነሰ፣ በአይጦች ላይም ወደ ሳንባ መዛመታቸው ተገታ።

በዚያው ዓመት የጃፓን ተመራማሪዎች በላንሴት ሌላ ትንበያ አቀረቡ። ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው 60 ሰዎች 33ቱ ማሽኑን አስተማሩት፤ በ27ቱ ተፈተነ። 12 ጂኖች ብቻ ይዞ ካንሰሩ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያገረሽበትንና የማያገረሽበትን ሰው በ25ቱ ላይ በትክክል ለየ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ከየላቦራቶሪው የሚወጡት የጂን ዝርዝሮች እርስ በርስ አይገጥሙም ነበር። በ2005 በፈረንሳይ ስቴፋን ሚሺየልስና ባልደረቦቹ በልዩ ልዩ ካንሰሮች ላይ የተሠሩ ሰባት ታዋቂ ጥናቶችን መረጃ ወስደው እንደገና አሰሉ። የሚማርባቸውንና የሚፈተንባቸውን ሰዎች በዕጣ ደጋግመው ሲቀያይሩ ዝርዝሩም አብሮ ተቀያየረ። ከሰባቱ በአምስቱ ትንበያው ከዘፈቀደ ግምት የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ናሙናው ጥቂት ሲሆን ማሽኑ የሚማረው በሽታውን ሳይሆን የእነዚያን ጥቂት ሰዎች አጋጣሚ ነው።

ብዙ ናሙና ማግኘት ግን በጉበት ካንሰር ላይ ከሌላው ይከብዳል። ጠባሳ በያዘ ጉበት ላይ ያለ ካንሰር በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ ሊታወቅ ስለሚችል ሐኪሙ መርፌ አስገብቶ ቁራጭ መውሰድ አይገደድም፤ መርፌው ደም ሊያፈስ፣ አልፎ አልፎም ዕጢውን ሊበትን ይችላል። ለሕመምተኛው ይህ መልካም ነው። ለምርምሩ ግን የአብዛኛው ሰው ዕጢ ሳይታይ፣ ሳይቀመጥም አብሮት ይቀበራል። በቀዶ ሕክምና የወጣውም ቢሆን ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ የጂኖችን ሥራ የሚያሳየው አርኤንኤ ይፈርሳል፤ ሆስፒታሎች የሚያስቀምጡት ደግሞ በፎርማሊን ነክረው፣ በፓራፊን ሰም ውስጥ ከተው ነው። በየፓቶሎጂ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተከማቸው የሰም ቁራጭ ለጂን ልኬት አይሆንም ተብሎ ተትቶ ነበር።

ዩጂን ሆሺዳ፣ ቶድ ጎለብ፣ ጆሴፕ ዮቬትና ባልደረቦቻቸው ወደዚያ መደርደሪያ ሄዱ። የተሰባበረ አርኤንኤን ማንበብ የሚችል ዘዴ ተጠቅመው የ307 ሕሙማንን የሰም ናሙናዎች ለኩ፤ አንዳንዶቹ ከ24 ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ተነበቡ። ማሽኑ በቶኪዮው ቶራኖሞን ሆስፒታል በታከሙ 82 ሰዎች ተማረ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ 225 ሰዎች ተፈተነ። የሰሙ ዕድሜ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ ባለቤቶቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን እንደሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ መጠበቅ አላስፈለገም።

ውጤቱ በ2008 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ታተመ። ዕጢው ራሱ ሰውየው ምን ያህል እንደሚኖር የሚያስተማምን ነገር አልተናገረም። የተናገረው በዙሪያው ያለው፣ ካንሰር የሌለበት የጉበቱ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉ 186 ጂኖች ማን ረጅም ጊዜ እንደሚኖርና ማን ቶሎ እንደሚሞት ለዩ። ምክንያቱን ስንመረምረው ግልጽ ነው። ዕጢው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ሰውየው ይዞት የሚኖረው ለዓመታት በቫይረስና በጠባሳ የተጎዳውን ጉበት ነው። ከዓመታት በኋላ ሲያገረሽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ከተጎዳው ጉበት የበቀለ አዲስ ካንሰር ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ጥናት ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ሁሉም ዕጢውን ብቻ ሲመለከት እነዚህ ሰዎች ጎኑን አዩ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ በ2007 የሄፓታይተስ ቢን ክትባት አምስት በሽታዎችን በአንድ በሚከላከለው የሕፃናት መርፌ ውስጥ አስገባች። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ግን በቫይረሱ ዘመን ያደገ ነው። አፍላቶክሲኑም ሩቅ አይደለም፤ በ2013 የታተመ ጥናት ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ኦቾሎኒ ላይ አግኝቶታል። በ2015 አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከኖርዌይ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ተከፈተ። 1,303 ሰዎች ተመዝግበው ክትትል ጀመሩ። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በሕዝብ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

በ2017 ሁለት የታተሙ ነገሮች ጎን ለጎን መነበብ ያለባቸው ይመስለኛል። አንደኛው ዘ ካንሰር ጂኖም አትላስ የሚባለው የአሜሪካ ታላቅ ፕሮጀክት የጉበት ካንሰር ሥራ ነው፤ 363 ዕጢዎች ተመረመሩ። 44 በመቶው ቴርት በሚባለው ጂን መቀስቀሻ ላይ፣ 31 በመቶው በፒ53፣ 27 በመቶው ቤታ ካቴኒንን በሚሠራው ጂን ላይ ለውጥ ነበራቸው። መረጃው ለዓለም ተመራማሪ ሁሉ ክፍት ሆነ፤ ይህ ትልቅ ደግነት ነው። የናሙናዎቹ ባለቤቶች ግን አብዛኞቹ ነጮችና የእስያ ተወላጆች ናቸው፤ ጥቁሮቹ ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በጉበት ካንሰር የታመሙ 2,566 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ነው። ግብፅን ትተን በሌሎቹ አገሮች ሕሙማኑ በሽታው ሲታወቅባቸው የነበራቸው መካከለኛ ዕድሜ 46 ነው፤ ከዚያ በኋላ የኖሩት መካከለኛ ጊዜ 2.5 ወር። በግብፅ 58 ዓመትና 10.9 ወር ነበር። ከእነዚያ ሰዎች ለአብዛኞቹ የጂን ምርመራ ቀርቶ በሽታው በሚታከምበት ደረጃ ላይ መድረስ ራሱ አልተቻለም።

የአትላሱን መረጃ ወስደው ሌላ እርምጃ የሄዱት በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ማዕከል የነበሩት ላና ጋርሚርና ባልደረቦቿ ናቸው። በ2018 በወጣው ሥራቸው የ360 ሰዎችን አርኤንኤ፣ ማይክሮአርኤንኤ (የጂንን ሥራ የሚቆጣጠር አጭር አርኤንኤ) እና የዲኤንኤ ሜቲሌሽን (በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፍ ኬሚካዊ ምልክት) ሦስቱንም አንድ ላይ ዲፕ ለርኒንግ ለሚባለው የማሽን ለርኒንግ ዓይነት ሰጡት። አውቶኢንኮደር የሚባለው ዘዴ ሺዎቹን ልኬቶች ጨምቆ ወደ ጥቂት ባሕርያት ያወርዳቸዋል፤ ከእነዚያ ሕሙማኑ ረጅም የሚኖሩና አጭር የሚኖሩ ተብለው በሁለት ተከፈሉ። አጭር የሚኖሩት ወገን ዕጢዎች ውስጥ ተደጋግሞ የተገኘው የፒ53 ለውጥ ነው፤ ያ የቺዶንግ ጂን። ማሽኑ ከሁለት ሕሙማን ቀድሞ የሚሞተውን ለይቶ የማወቅ ችሎታው 0.68 ሆነ፤ 0.5 ሳንቲም ወርውሮ መገመት ነው፣ 1 ፈጽሞ አለመሳሳት። በጃፓን፣ በቻይናና በሌሎች አገሮች በተሰበሰቡ አምስት የሕሙማን ስብስቦች ላይም ሠራ። ከአፍሪካ የተሰበሰበ በመካከላቸው አልነበረም።

በ2020 ደግሞ በፓሪስ አቅራቢያ ያለው የሄንሪ ሞንዶር ሆስፒታል ተመራማሪዎች ጂኑን ትተው ተራውን የማይክሮስኮፕ ስላይድ ለማሽን አሳዩ። በ194 ሰዎች የተማረው ማሽን በአትላሱ ስላይዶች ላይ ሲፈተን ሕመምተኛው ምን ያህል እንደሚኖር ከተለመዱት የሐኪም መለኪያዎች በተሻለ ገመተ። እዚህ ላይ ለእኛ ተስፋ አለ፤ የጂን ልኬት የሌለው ሆስፒታል ስላይድ አለው። ቢሆንም ማሽኑ የሚማርበት የአዲስ አበባ፣ የጎንደር ወይም የሐረር ስላይድ ከሰውየው የክትትል መዝገብ ጋር ተያይዞ መቀመጥ አለበት፤ ገንዘብ ቢገኝ ከማሽኑ ግዢ በፊት ለዚህ መዋል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ በ2022 የታደሰው የባርሴሎና የደረጃ አሰጣጥ፣ በዓለም ላይ ብዙ ሐኪሞች የሚመሩበት፣ ሕመምተኛውን የሚመድበው አሁንም በዕጢው መጠንና ብዛት፣ በጉበቱ አቅም፣ ሰውየው ራሱን ችሎ በመንቀሳቀሱ ነው። የጂን ዝርዝር አልገባበትም።

ካንሰሩን አስቀድሞ በመከላከል በኩል ግን በመጋቢት 2024 የዓለም ጤና ድርጅት የሄፓታይተስ ቢን ሕክምና ማን ይጀምር የሚለውን መመሪያ አሰፋ። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ኤኤስቲ ከሚባለው የጉበት ኢንዛይምና ከደም ፕሌትሌት ቁጥር የሚሰላ ነው፤ ከ0.5 በላይ የሆነበት አዋቂ መድኃኒቱን መውሰድ ይችላል። በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ያለበት ሰውም የቫይረሱ መጠን ሳይታይ እንዲጀምር ተፈቀደ። ሁለቱ የደም ምርመራዎች በክልል ሆስፒታሎቻችን ይሠራሉ፤ የቤተሰቡን ታሪክ ለማወቅ ደግሞ ሐኪሙ ጠይቆ መጻፍ ይበቃዋል።